የጌታነሽ ፍትሐት

ጌታነሽ ሞታ የተገኘችው ቀየት ከምትባለው መንደር ዳር ባለው የድንጋይ ቤቷ፣ የሱፍ ብርድ ልብሷን ባናዋን እስከ አገጯ እንደለበሰች ነበር። ኢንስፔክተር ተሾመች ከወረዳው ፖሊስ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ባሏ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የራቃት፣ ከጤና ጣቢያ ክኒን የምትወስድ ሴት መድኃኒቱን አብዝታ ውጣ ራሷን አጠፋች ተብሏል። ቄስ መርስዔ ኃዘን አጥሩ ሥር ቆመው ጠበቋት።

«ራሷን ላጠፋች ፍትሐት የለም፣ ልጄ። አስከሬኑም ማደር የለበትም።»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ይታገሡኝ፣ አባቴ።»

ብቻዋን ገባች። ከመደቡ ሥር ብልጭልጭ የክኒን እሽግ ባዶውን ወድቋል፤ አንስታ ኪሷ ከተተችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጤና ጣቢያው የወረቀት ከረጢት ግን ከነክኒኑ አለ። አንድ ጥግ ላይ የታጠበ ነጠላና ዳቦ ቆሎ የተሞላ አገልግል ተሰናድቷል። የበሩ መወርወሪያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ተሾመች የራሷን የኪራይ ክፍል አሰበች። ብቻውን የሚኖር ሰው ሳይቀረቅር አይተኛም።

ሬሳውን ያገኘው የባሏ ታላቅ ወንድም ዳኜ ነው። ከጌታነሽ ጋር በመሬት ነገር ከተኳረፉ ቆይተዋል።

«ረፍዶም ከጣራዋ ጭስ አልወጣ ሲለኝ መጣሁ» አለ። «በሩ ገርበብ ብሏል። ከደጅ ሆኜ ፊቷን ሳይ ጮህኩ። ደፉን አላለፍኩም። ሚሊሻው ደርሶ በሩን ያዘ፣ ማንንም አላስገባም።»

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሳሌም ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ዛሬ ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ልትሳፈር ነበር። የአእምሮ ሐኪም እንዲያያት ሪፈር ጽፌላታለሁ። የጤና መድንሽ ይሸፍንልሻል ስላት አላመነችኝም። ምስክር የሚባለው የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ ባይ ‹መድኑ ለእኔ ምክር እንጂ ለሆስፒታሉ አይከፍልም› ብሏት ኖሯል።»

«እውነቱስ?»

«ተገላቢጦሹ ነው። ሪፈር ይዛ ውል ወዳለው ሆስፒታል ብትሄድ መድኑ ይከፍላል። የግል ቤት ለከፈተ አማካሪ አይከፍልም። ደግሞም አማካሪ ነኝ ያለ ሁሉ ባለሙያ አይደለም፤ የሙያ ፈቃድ እንዳለው ጠይቂው አልኳት።» ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔ ነኝ ጠይቂው ያልኳት።»

«ክኒን የምትሰጡት በምንድን ነው?»

«ከትልቁ ጣሳ ቆጥረን፣ በወረቀት።»

ምስክር ገበያው አጠገብ በተከራየው ክፍል መስተዋት የገባለት የምስክር ወረቀት ሰቅሏል። ተሾመች ቀርባ አነበበችው።

«ይሄ ለኤች አይ ቪ ምርመራ ምክር የተሰጠ አጭር ሥልጠና ነው፣ አቶ ምስክር።»

«ምክር ያው ምክር ነው» አለ ፈገግ ብሎ።

«ጌታነሽን መቼ አዩዋት?»

«ሰነባብቷል። ምስኪን! ክኒኑን ከእሽጉ እየፈለፈለች ስትውጥ የሚያስጥላት እንኳ አጣች።»

ተሾመች አመስግናው ወጣች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቄሱን፣ ዳኜን፣ ሳሌምንና ምስክርን የጌታነሽ ግቢ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጌታነሽ ልትታከም ስንቅ የቋጠረች ሴት ናት» አለች። «የጤና ጣቢያውን ክኒን አልነካችም። በሩ ሳይቀረቀር ያደረው እንቅልፍ ሲጥላት እንግዳ ስለነበረባት ነው። የወጣ ሰው ከውስጥ መቀርቀር አይችልም።»

ዳኜ ተቆጣ። «እኔን ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ። ባዶውን እሽግ ማንም ሳያየው አነሳሁት። እርስዎ ደፉን አላለፉም። ሲስተር ሳሌም መድኃኒት የምትሰጠው በወረቀት ነው። ስለ እሽግ ያወራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ዞር አለች። «በእሽግ መሆኑን በምን አወቅህ፣ ምስክር?»

ምስክር ወደ ግቢው በር አየ፤ ሚሊሻው ቆሞበታል። አጥሩን ተደገፈ።

«ፈቃድህን አሳየኝ አለችኝ። ስመለስ ለወረዳው እናገራለሁ አለች። ነገ መንገድ ነው፣ ደህና እንቅልፍ ያስፈልግሻል ብዬ ክኒኑን በጠላ በጥብጬ አጠጣኋት። እሽጉን የጣልኩት ራሷን አጠፋች እንዲባል ነው።»

«እንደምትያዝ አላሰብክም?»

«ጠያቂ የሌላት ሰው ናት» አለ መሬት መሬት እያየ። «ማን ይጠይቃል ብዬ ነው።»

ዳኜ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሚሊሻው ምስክርን ይዞት ሲወጣ ዞሮ ያየው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው የጌታነሽን በር ነበር።

ቄስ መርስዔ ኃዘን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዲያቆኑን ጥሩልኝ» አሉ። «ፍትሐቱ ይጀመር።»

አስከሬኑ ሲነሳ ዳኜ የቃሬዛውን ፊት ያዘ። ሌላ ሰው ሊቀበለው ሲጠጋ አልለቅም አለ። እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ትከሻ ሳይለውጥ ተሸከማት።