ዛጎል እህል አልቀምስ አለች

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይላሉ ትልልቅ ሰዎች። ዛጎልን ስላላዩ ነው።

ዛጎል ገብስማ ዶሮ ናት። ላባዋ ላይ ነጭና ጥቁር ተደባልቋል። ከገጠር ያመጣቻት የትርሲት አክስት ናት።

ትርሲት ዛጎልን ገና ስታያት ወደደቻት። ዛጎል ግን ከመጣች ጀምሮ እህል አልቀምስ አለች።

ትርሲት ስንዴ በተነችላት። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ! ነይ፣ ዛጎሌ!»

ዛጎል ስንዴውን አየችው። «ቁ…ቅ» አለች። ግን አልበላችም።

ትርሲት ንፍሮ በሳህን አቀረበችላት። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ! ነይ፣ ዛጎሌ!»

ዛጎል ሳህኑን ዞረችው። «ቁ…ቅ» አለች። ግን አልበላችም።

ማታ አባቷ ዛጎልን ብድግ አድርጎ አያት። «ከስታለች» አለ። «ላባ ብቻ ሆናለች። ነገም ካልበላች ለአክስትሽ እመልሳታለሁ። እዚያ ጓደኞቿ አሉ።»

ትርሲት የአባቷን እጅ ያዘች። «አባዬ፣ እኔም እኮ ጓደኛዋ ነኝ።»

አባቷ ፀጉሯን ዳበሳት። «ነሽ እንጂ። ግን ሳይበሉ መኖር የለም፣ የኔ እናት።»

በማግስቱ ትርሲት አሰበች፣ አሰበች፣ አሰበች።

ዛጎል እንግዳ ናት። እንግዳ ቤት ሲመጣ እማዬ ምን ታደርጋለች? ትለምናለቻ!

ትርሲት የዳቦ ፍርፋሪ ይዛ ዛጎል ፊት ቆመች። «ብይልኝ፣ ዛጎል። በሞቴ!»

ዛጎል አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች።

«ትንሽ ብቻ። በሞቴ!»

ዛጎል ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደች። ግን አልበላችም።

አሁን የቀረው ጉርሻ ነው። ትርሲት ከምሳዋ ላይ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። ጉርሻው ከዛጎል ጭንቅላት ይበልጣል።

«አፍሽን ክፈቺ» አለቻት።

«ቋ! ቋ! ቋ!» ዛጎል ክንፏን አራግባ በረረች። ሄዳም ከትልቁ ሳፋ ጀርባ ተደበቀች።

ጉርሻው መሬት ላይ ወደቀ። ትርሲት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጎረቤታቸው እትዬ የሺመቤት ልብስ እያሰጡ ነበር። «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሏት።

«ዛጎል እምቢ አለችኝ፣ እትዬ። በሞቴ ብያት ነበር። ላጎርሳትም ነበር። ካልበላች ትሄዳለች።»

እትዬ የሺመቤት ሳቅ አሉ። «እናትሽ እንግዳ ስታበላ እንዲህ ፊቱ ቆማ ታየዋለች?»

ትርሲት አሰበች። «አይ። አብራ ትበላለች።»

«አየሽ? እንግዳ ብቻውን ሲበላ ያፍራል። ዛጎልም ብቻዋን በልታ አታውቅም። አገሯ ከብዙ ዶሮ ጋር ነበረች።»

ትርሲት እንባዋን ጠረገች። ሮጣ ገብታ ቆሎ ይዛ መጣች።

ጥቂቱን መሬት ላይ በተነች። የቀረውን በቀሚሷ ይዛ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

ዛጎልን አላየቻትም። አልለመነቻትም። ቆሎዋን ብቻ በላች። «ቀርጨም! ቀርጨም!»

በጣቷም መሬቱን እንደ ዶሮ ነካ ነካ አደረገች። «ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!»

ከሳፋው ጀርባ አንድ ዓይን ብቅ አለ።

በዚህ መሃል አባቷ ቅርጫት ይዞ መጣ። ዛጎልን ሊወስዳት ነው።

ትርሲት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ቁጭ በል፣ አባዬ» አለች በሹክሹክታ። «አትያት። ቆሎ ብላ።»

አባቷ ቅርጫቱን አስቀመጠ። በዚያ በንጹህ ሱሪው አፈር ላይ ተቀመጠ። ቆሎ ቃም አደረገ። «ቀርጨም! ቀርጨም!»

አባትና ልጅ ጣታቸውን መሬት ላይ «ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!» አደረጉ። እትዬ የሺመቤት ሳቃቸውን በእጃቸው ያዙት።

ዛጎል አንድ እርምጃ መጣች። ቆመች። ደግሞ አንድ እርምጃ መጣች።

አንዷን ፍሬ አየቻት። «ጠቅ!» ዋጠቻት።

ትርሲት መጮኽ አማራት። ግን አልጮኸችም፤ ደስታዋን ከቆሎው ጋር ዋጠችው።

ከዚያማ ማን ያቁማት! «ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!» መሬት ላይ ያለው አለቀ። ዛጎል ወደ ትርሲት ቀሚስ ዞረች።

«ያ የኔ ነው» አለች ትርሲት እየሳቀች። ግን ሰጠቻት።

አባቷ ባዶውን ቅርጫት አነሳ። «እንግዲህ ይሄ ለድንች ይሁን» አለ።

ሲመሽ ዛጎል ሆዷ ሞልቶ ቆጧ ላይ ወጣች። ትርሲትም አልጋዋ ውስጥ ገባች። አባቷ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ አለበሳት።

«አባዬ፣ ዛጎል ነገም እዚህ ናት?»

«የት ትሄዳለች?» አለ አባቷ። «ቤቷ ነው።»

ትርሲት እጁን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።