ሃምሳ አንድ ደቂቃ

«አባዬ፣ ቢያንስ ከላዩ ቁምጣ ደርብበት።»

አባቷ አልሰማትም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። የግቢውን በር በሁለት እጁ ተደግፎ፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይገፋል። ለሚያየው ሰው በሩን ሊነቅል የመጣ ይመስላል። ጥቁሩ ሱሪ ገላው ላይ የተቀባ እንጂ የተለበሰ አይመስልም። ጎረቤታቸው ቆሻሻ ልትጥል ብቅ አለችና አየችው፤ ወዲያው ከነቅርጫቷ ተመልሳ ገባች።

«ጡንቻን ሳያፍታቱ መሮጥ ለጉዳት ይዳርጋል» አለ በሩን እያየ።

«እንዲህ ሆኖ መሮጥ ደግሞ ለሼም ይዳርጋል» አለች ቀጮ።

ቀጮ የሚላት እሱ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ እሱ ግን ጓደኞቿ ፊትም ከመንገድ ማዶ ሆኖ በዚሁ ስም ይጠራታል። ሰፈሩ ሁሉ ከእሱ ወርሶ ቀጮ ይላታል።

ጥፋቱ ሁሉ የሐኪሙ ነው። ከሰባት ወር በፊት የአባቷን ደም ግፊት ለክቶ «ትንሽ እንቅስቃሴ ያድርጉ» አለው። ወዲህ ወዲያ ማለት፣ ደረጃ መውጣት ማለቱ ነበር። አባቷ ግን ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ ጫማ ቤት ሄደ። ብርቱካንማ ጫማ ገዛ፤ ቀጥሎ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዛ፤ በመጨረሻም ያንን ሱሪ። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ሦስተኛው የመብራት ምሰሶ ሮጦ ሲመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ተበሳ ጎማ ይተነፍስ ነበር። በሦስተኛው ወር ሦስት ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ በስድስተኛው ስምንት። በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱን ሁሉ ቀስቅሶ ይወጣል፤ ሲመለስ የሮጠውን እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ለቁርስ ያቀርብላቸዋል።

የሚያሳዝኑት ግን ደንበኞቹ ነበሩ። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። አንገቱ ላይ ፎጣ የታሰረለት ሰው ደግሞ ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ተነስቶ መሄድ አይችልም። ስለ ትንፋሽ አወጣጥ፣ ስለ እግር አጣጣል፣ ስለ ቴምር ጥቅም ሳይወድ ያዳምጣል። ቀጮ ይህን ለጓደኞቿ እያስመሰለች ስታወራ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እሷ ራሷ በሕይወቷ ሮጣ አታውቅም፤ አውቶቡስ ሊያመልጣት ሲል እንኳ ቆማ ታየዋለች።

የአሥር ኪሎ ሜትሩ ውድድር እሑድ ጠዋት ነበር። አባቷ የውሃ ጠርሙስ አስይዟት ነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት እንድትቆም ነገራት። ሯጮቹ ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርሱ ታጥፈው እስከ ድልድዩ ይሄዳሉ፤ እዚያ ዞረው በዚያው መንገድ ሌላኛውን ወገን ይዘው ይመለሳሉ። መሄጃውን ከመመለሻው የሚለየው ከጉልበት በታች የሆነ የመንገድ አካፋይ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ አንድ ኪሎ ሜትር መመለሻ። አባቷ ውሃውን የፈለገው ሲመለስ ስለነበር የመመለሻው ዳር ላይ አቆማት። ፀሐዩ ሲከብዳት ግን ተነስታ ወደ ማደያው ጥላ ገባች፤ ከጎማ መንፊያው ጀርባ።

ስለዚህ እሱ አላያትም። እሷ ግን አየችው።

ቀኝ ጭኑን በእጁ ይዞ እያነከሰ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። መታጠፊያው ላይ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ የጫማ ማሰሪያውን ነካካ፤ ማሰሪያው አልተፈታም ነበር። ወደ ድልድዩ አየ። ወደ ኋላው አየ። ከዚያ እንደ መንገደኛ ረጋ ብሎ አካፋዩን ተሻገረና ከሚመለሱት ሯጮች መሐል ገባ።

ቀጮ መጀመሪያ ያቋረጠ መሰላት። «በቃ፣ ሊወጣ ነው» ብላ ጠርሙሱን ይዛ ተነሳች። እሱ ግን ደረቱን ነፋ፤ ጥርሱን ነክሶ መሮጥ ጀመረ። ዳር ቆሞ ያጨበጨበለትን ሰው ሁሉ እጁን እያነሳ አመሰገነ።

ወደ መጨረሻው መስመር አልሄደችም። ሜዳሊያ አጥልቆ ሲስቅ ማየት አልፈለገችም። እዚያው ጥላው ውስጥ ተቀምጣ ቀረች፤ ሯጩ እያነሰ፣ ተመልካቹ እየተበተነ፣ ትራፊኮቹ መንገዱን መክፈት እስኪጀምሩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን መጡ፤ ከኋላቸው አምቡላንስ ይንፏቀቃል። የነቀጮ ትምህርት ቤት የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የተጠቀለለ ካርታ ከብብታቸው ስለማይጠፋ ተማሪው ሁሉ ጋሼ ካርታ ይላቸዋል። የሚሮጡት ከመራመድ በማይሻል ፍጥነት ነው። ወደ ድልድዩ ታጠፉ። ቀጮ በልቧ ስቃ እንደሚተዉት ጠበቀች። ሃያ ደቂቃ ገደማ ቆይተው በመመለሻው ወገን መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ያ ውሃ የሰው ነው?» አሏት።

«አይ፣ ጋሼ። ይውሰዱት» አለች።

ቤት ስትደርስ አባቷ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ጭኑ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ አድርጎ ተቀምጧል። ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ነበር። «ሃምሳ አንድ ደቂቃ» አላት ገና በሩን ሳትዘጋ። «የት ጠፋሽ? ውሃ አጥቼ እኮ ነው የጨረስኩት።»

«ሰው በዝቶ ነበር» አለች።

ጉዳቱ እውነተኛ ነበር፤ ጡንቻው ስለተሰነጠቀ ሐኪሙ ለአምስት ሳምንት እንዳይሮጥ ከለከለው። እናቷ ጠዋት ማታ ቅባት ታሸዋለች። እናቷ ቤት ውስጥ መጋረጃ የምትሰፋ ሴት ናት፤ ሰባት ወር ሙሉ በባሏ ሩጫ ከቀጮ ጋር ስትስቅ ከርማ፣ አሁን ሜዳሊያውን በለስላሳ ጨርቅ ወልውላ ለመጣው ሁሉ ታሳያለች። «በተጎዳ እግሩ እኮ ነው» ትላለች። ያን ጊዜ ቀጮ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ፀጉር ቤቱን ልትጠርግለት ሄደች። ሜዳሊያው ምስማር ተመቶለት ከመስታወቱ በላይ ተሰቅሏል። ተራ የሚጠብቅ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ስልኩን እየነካካ ተቀምጧል። በሩ ተከፈተና ጋሼ ካርታ በክፍት ጫማ ገቡ፤ አውራ ጣታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ሩጫው ነው እንዲህ ያደረገዎት?» አላቸው አባቷ እያስቀመጣቸው።

«ጥፍሬ ጠቁሮ ወደቀ። ሌላ ይበቅላል አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሚበቅልልኝ አዲስ ነገር እሱ ብቻ ነው።»

አባቷ አረፋውን ጉንጫቸው ላይ ቀባ። «ስንት ገቡ፣ ጋሼ?»

«አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት።»

የቧንቧ ሠራተኛው ሳቀ። አባቷ በመስታወቱ ውስጥ ጠቀሰው። «እኔ በዚያን ሰዓት ቤቴ ገብቼ፣ ታጥቤ፣ እግሬን ሰቅዬ ነበር» አለ። «ምናለ አምቡላንሱ ላይ ቢወጡ ኖሮ? ባዶውን ነው እኮ የተመለሰው።»

«ሾፌሩም እንደዚያው ብሎኝ ነበር» አሉ ጋሼ ካርታ፣ ምንም ሳይከፋቸው። «ግን ድልድዩ ላይ ሙዚቀኞች ነበሩ። እኔ ስደርስ ዕቃቸውን ጠቅልለዋል። አንዱ ከበሮ መቺ ብቻ ሲያየኝ ከበሮውን መልሶ አወጣና እስክዞር ድረስ መታልኝ። ለእኔ ብቻ። አንተ ስታልፍ ሁሉም ነበሩ አይደል?»

አባቷ ምላጩን ቀስ ብሎ በፎጣ ጠረገ። «ነበሩ» አለ። «ሞቅ አድርገውት ነበር።»

ቀጮ መጥረጊያውን ይዛ ቆመች። አባቷን ስትንቀው መሰንበቷን ታውቃለች፤ እንደዚህች ቅጽበት ግን ንቃው አታውቅም።

«ቀጮ፣ አንቺም ነበርሽ አሉ» አላት የቧንቧ ሠራተኛው። «እስቲ መስክሪ፤ በእውነት ሃምሳ አንድ ደቂቃ ነው ወይስ ሰውየው ይሸውደናል?»

በመስታወቱ ውስጥ የአባቷ ዓይን ወደ እሷ መጣ፤ ተረጋግቶ፣ እንዲያውም ፈገግ ብሎ። ምንም እንዳላየች እርግጠኛ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሰኞ የሰፈሩ መሳቂያ ይሆናል። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ደግሞም ይጣፍጥ ነበር።

«ስንት እንደገባ አላየሁም» አለች። «የነበርኩት ነዳጅ ማደያው ጋ ነው፤ ከጎማ መንፊያው ጀርባ። አባዬ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አይቼዋለሁ።» የወደቀውን ፀጉር ወደ ጥግ ገፋችው። «ጋሼን ደግሞ ሲሄዱም ሲመለሱም አይቻቸዋለሁ።»

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ምስክርነት ነው?» አለ የቧንቧ ሠራተኛው፤ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

የአባቷ እጅ ጋሼ ካርታ ጉሮሮ አጠገብ ቆሟል። ጆሮው ቀላ። ጋሼ ካርታ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው፤ ይግባቸው አይግባቸው አይታወቅም። ከዚያ ምላጩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ በጥንቃቄ፣ ያለ አንድ ቃል። ሲጨርስ ኮሌታቸውን ሁለት ጊዜ አራግፎ፣ እያነከሰ እስከ በሩ ሸኛቸው።

የቧንቧ ሠራተኛውም ተስተካክሎ ሄደ፤ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጭኔ ይዞኝ ነበር» አለ።

«አይቻለሁ።»

«መራመድ እንኳ አቅቶኝ…»

«ከተሻገርክ በኋላ ግን ሮጥክ።»

አባቷ ምላጩን ከፍቶ ዘጋው። «ንቀሽኛል» አለ። ጥያቄ አልነበረም።

ሱሪውን፣ ላቡን፣ በር መግፋቱን ስትንቅ ቀላል ነበር፤ ሙድ ይዛ፣ ስቃ ታልፈዋለች። ይሄኛው አያስቅም። አባቷ «አይ» እንድትለው እየጠበቀ መሆኑን አየች።

«አዎ» አለችና የጠረገችውን ፀጉር ሰብስባ ወጣች።

ሰኞ ሜዳሊያው እዚያው ነበር። ማክሰኞም። ብቻ አባቷ ሰው ሲጠይቀው «ተወው፣ አለፈ» ማለት ጀመረ። ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት። ዋሽቶ ዝም ማለትን እንደ ይቅርታ የቆጠረው መሰላት።

ሐሙስ ማታ እራት ተበልቶ ሲያበቃ እናቷ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣች። «እኔም ልሮጥ ነው» አለች። «የሚቀጥለው ውድድር ላይ፤ አምስት ኪሎ ሜትሩን። ይሄ ሰውዬ ከቻለ እኔ ምን ያንሰኛል? አንቺ ልጅ፣ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ሙይልኝ።»

ቀጮ እስክሪብቶ አነሳች። ስም። ዕድሜ። የደም ዓይነት። ከዚህ በፊት የሮጡት ርቀት።

«ዜሮ ብለሽ ጻፊ» አለች እናቷ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አሠልጣኜ አንተ ነህ። እስቲ ንገረኝ፤ ድልድዩ ጋ መዞሪያው ላይ መገፋፋት አለ?»

አባቷ ወደ ቀጮ አየ። ቀጮ ወረቀቱን አየች። ልትረዳውም ልታጋልጠውም አልፈለገችም።

«አላውቅም» አለ። «ድልድዩ ጋ አልደረስኩም።»

ከዚያ ነገራት፤ መታጠፊያውን፣ ጭኑን፣ መሻገሩን። አላሳመረውም። እናቷ እስኪጨርስ ሰማችው።

«እኔ እኮ ነኝ የወለወልኩት» አለች በመጨረሻ። «በሐር ጨርቅ።»

«አውቃለሁ።»

«ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ምስማሩንም ነቅለህ ታወርደዋለህ። ከዚያ ለነገርኳቸው ሁሉ በየቤታቸው እየዞርክ ራስህ ትነግራቸዋለህ። ያውም ሱሪ የሚባል ነገር ለብሰህ።» የመጋረጃውን ጨርቅ ወደ ጭኗ ሳበች። «እኔ መሮጤ አይቀርም። አሠልጣኝ ግን ጋሼ ካርታን እጠይቃለሁ።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። «ሌላ ፎርም አለ?» አለ።

«አንድ ነው ያመጣሁት። ከነቀጮ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለው ደብተር መሸጫ ይሰጣል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ቀጮ፣ አምጪልኝ» ይላት ነበር። አሁን አላላትም። ጭኑን ማሸት ጀመረ። አለመጠየቁን ልብ አለች።

«ነገ ከክፍል ስወጣ አልፍበታለሁ» አለች ወደ እሱ ሳትዞር። «የአሥሩን ነው የአምስቱን?»

አባቷ አሰበ። «የአምስቱን።»

ቀጮ የእናቷን ፎርም ጨርሳ አጠፈችው። የእሱን ታመጣለታለች፤ መሙላቱን ግን አትሞላለትም። ስሙንም፣ ዕድሜውንም፣ ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደሮጠ የሚጠይቀውንም መስመር ራሱ ይጻፈው።