የአሳማው ክፍል ዕጣ

አምሳሉ ሲገኝ ጥፍሮቹ ተሰባብረው ነበር። ባሕር ማዶ፣ ግሮቭ ሲቲ ባለው መጋዘን፣ ከዴንማርክ የመጣ የአሳማ ሥጋ እስከ ጣሪያ በተከመረበት ፍሪዘር ውስጥ፣ በሩ ሥር ተኮራምቶ ደርቋል። በሩን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ብሎኑ ተፈትቶ የለም።

መርማሪ ፍርዶስ ሬሳውን አይታ ስታበቃ የሟቹን ሦስት ባልደረቦች ለየብቻ ጠራች። ፍርዶስ ለሐዘንተኛ ብላ ቃሏን የምታለሳልስ ሴት አይደለችም፤ ይህን የማያውቅ ተጠርጣሪ ብዙ ያወራላታል።

ቀድሞ የገባው በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆነው አንዋር ነበር።

«ጋሼ አንዋር፣ እዚህ ማን ምን ይሠራል?»

«ዴንማርክ ትንሽ አገር ናት ይሏታል እንጂ የማትሸጠው የለም። የንፋስ ተርባይን ዕቃው የእኔ ነው። መድኃኒቱን ህብረት ትይዛለች፣ ቅቤውን አምሳሉ። የመርከብ ጭነቱን የሚያዘው፣ ሺፍቱንም የሚመራው ጀማነህ ነው።»

«አሳማውንስ?»

«እሱን ማን ይነካል እህቴ! እኔ ሙስሊም፣ እነሱ ኦርቶዶክስ፤ ሁላችንም እንጸየፈዋለን። ስለዚህ ማን ፍሪዘሩ እንደሚገባ እንደ ቅርጫ ዕጣ እንጥላለን። ለሦስታችን ወንዶች የተለያየ ቀለም የተቀቡ ሦስት የብሎን ዳዶዎች አሉን፤ መጠናቸው አንድ ነው። ጀማነህ ዴስክ ላይ በቆርቆሮ ይቀመጣሉ። ህብረት ዓይኗን ጨፍና አንዱን ታወጣለች። ትናንት የአምሳሉ ቀይ ወጣ።»

«ምን አለ?»

«ዳዶውን ተቀብሎ ቀለደ። ‹ይሄስ ከእኔ ቀድሞ በርዶታል› አለ። ቆይቶ በር የሚደበደብ መስሎኝ ጀማነህን ብጠይቀው ‹የፍሪዘሩ ኮምፕረሰር ነው፤ አምሳሉ ክሎክ አውት አድርጎ ሄዷል› አለኝ። አመንኩት።»

ጀማነህ ተረጋግቶ ገባ። እሁድ ህብረትን ያገባል፤ የልጅቷ ወላጆች ፎረስት ፓርክ ያለ ቤታቸውን ለሠርጉ አስጊጠው ጨርሰዋል።

«አምሳሉን ከአገር ቤት ያውቁታል?»

«እዚህ ነው የተዋወቅነው።»

«ወደ ፍሪዘሩስ ማን ላከው?»

«ዕጣ ነው። እግዜር የመረጠውን እኔ ምን ላድርገው?»

ህብረት ደግሞ ስትጠየቅ አለቀሰች። ፍርዶስ ደሴ ላለችው የአምሳሉ እህት ደወለችና ብዙ አወራች። ከዚያ ሦስቱንም ምሳ የሚበሉበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እጀታውን የፈታው ሰው ማን እንደሚገባ ቀድሞ ማወቅ ነበረበት» አለች። «ስለዚህ ዕጣው ተሠርቶበታል። አምሳሉ ዳዶውን ‹በርዶታል› ብሎ ነበር፤ ሦስት ዳዶዎች በሞቀ ቢሮ፣ በአንድ ቆርቆሮ አድረው እንዴት አንዱ ብቻ ይቀዘቅዛል? አንድ ሰው ፍሪዘር ውስጥ አቆይቶ መልሶታል። ዓይን ቢጨፈንም ጣት ብርዱን ያውቃል። ህብረት፣ ቀዝቃዛውን አውጪ ያለሽ ማነው?»

«ጀሚ... ፕራንክ ነው፣ ቀልድ ነው ብሎኝ! ‹አምሳሉ ጉራው በዝቷል፣ ትንሽ ፍሪዝ ያድርግ› አለኝ። እኔም ሳቅኩ እኮ!»

«ዝም በይ!» አለ ጀማነህ።

«ቆርቆሮው እርስዎ ዴስክ ላይ ነበር» አለችው ፍርዶስ። «የሰዓት መቆጣጠሪያውን አይቼዋለሁ፤ አምሳሉ ክሎክ አውት አላደረገም። ጋሼ አንዋር በሩን እንዳይከፍቱ ነው የዋሿቸው። እዚህ ተዋወቅን ያሉትም ሰው ደሴ ላይ ጎረቤትዎ ነበር። ሚስትና ሁለት ልጆች እንዳሉዎት እህቱ ነግራኛለች። አምሳሉም ‹ከሠርጉ በፊት ለህብረት ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› ብሎዎት ነበር።»

ህብረት ከወንበሯ ተነሳች።

ጀማነህ አልካደም። ፖሊሶች ገብተው እጁን ሲያስሩት እንኳ እሷን ነበር የሚያየው።

«እኔ እጀታ ፈታሁ» አላት። «ሰውየውን የመረጥሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ይዘውት ወጡ። ህብረት የመርማሪዋን ክንድ ጨበጠች።

«ቶሎ ነው የሞተው፣ አይደል? ፕሊስ፣ ቶሎ ነው በዪኝ።»

አንዋር እንዳትነግራት አንገቱን ነቅንቆ ፍርዶስን ተማጸናት። እሷ ግን ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት።

«አይደለም። እስኪነጋ በሩን ሲደበድብ ነበር።»