ሠዓሊው በጉም የጠፉ ዕለት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ «ሂዱ ወዲያ!» ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ደባርቅ ተወልጄ፣ አስጎብኚ ሆኜ የስሜንን ገደል ስመላለስበት አንድም ቀን የሚያስደነግጥ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ይህችን ግን ስሙኝ።

ሙሴ ሬሞን የሚባሉ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ሠዓሊ ይዤ ወጣሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በለሰለሰ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ እየሣሉ፣ ቀለም እየቀቡ፣ ወረቀት ላይ እያተሙ የኖሩ ናቸው፣ ዓይናቸው ሲደክም ጊዜ «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ የስሜንን ገደል ልሣል» ብለው መጡ። ሆቴል እያለን ከአገራቸው ባመጧት ትንሽ ድንጋይ ላይ ሥለው አሳይተውኛል፣ እርሳሱ ሲሄድባት ክርር፣ ክርር ይላል፣ ጥርስ ያሳክካል።

ከቀትር በኋላ ገደሉ አጠገብ ደረስን። «መጀመሪያ በደንብ ልየው» ብለው እርሳሶቹን እንኳ አልተቀበሉኝም። እኔና ጠመንጃ ይዘው አብረውን የወጡት የፓርኩ እስካውት ጋሼ መኩሪያ ዕቃችንን የጫነችውን በቅሎ ልናጠጣ ትንሽ ራቅ እንዳልን ጉም ወረደ፣ እመኑኝ፣ የገዛ እጄ አልታይ አለኝ። ስንመለስ ሰውየው የሉም። ብጣራ፣ ብጣራ መልስ የለም።

«እስቲ ዝም በይ፣ ልጄ» አሉኝ ጋሼ መኩሪያ። «ይሰማሻል?»

ክርር፣ ክርር።

ድንጋይዋ ያለችው ሆቴል፣ እርሳሶቹ እኔ ቦርሳ ውስጥ! ቢሆንም ሌላ ምን ምርጫ አለን፣ መሬቱን በእጃችን እየዳሰስን ድምፁን ተከተልነው። ሙሴ ሬሞን እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው ቆመዋል፣ ከጫማቸው ፊት መሬት የለም። ካፖርታቸውን ይዘን ወደ ኋላ ጎተትናቸው፣ ድምፁም ቀጥ አለ።

«ምን እየሠሩ ነው?» ብዬ ጮኽሁባቸው።

«አንቺን እየጠበቅሁ ነዋ» አሉኝ ግራ ገብቷቸው። «ከፊቴ ቁጭ ብለሽ ስትሥዪ እየሰማሁ፣ እንዳልረብሽሽ ብዬ ቆምኩ።»

ከፊታቸው እኮ ገደል ነው!

ማታ ደባርቅ ገብተን ትኩስ ሾርባ ሲጠጡ እያየሁ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፣ በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶላቸው ገደላቸውን ሣሉ፣ እኔም እፎይ አልኩ። ጋሼ መኩሪያን ግን «የሰማነው ምንድን ነው?» ብላቸው፣ «ሰውየው ተርፈዋል፣ ሌላውን ተይው» አሉኝ።

ተውኩት። ብቻ ዛሬም እዚያ ጉም ሲወርድ ለእንግዶቼ የባጥ የቆጡን እለፈልፋለሁ፣ ዝም ካልን የምንሰማውን አላውቅማ።