የፊት ወንበር

አጎቷ «ኮምፓስ» ብሎ የሰደባት አምና፣ ትምህርት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነው። ሰዓቱን የምታውቀው ከቀጂው ራስ በላይ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ስለነበረ ነው። አጎቷ ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል፤ በግራ እጁ የተከፈተ ብስኩት ይዟል። ፍርፋሪው ጢሙ ላይ እንደነበር እንኳ ታስታውሳለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ይቺ ናት መንገድ መሪያችን?» አለ፣ ማደያው ሁሉ እንዲሰማው። «ኮምፓስ! ሰሜን ሲሏት ደቡብ የምታሳይ ኮምፓስ!»

ቀጂው ሳቀ። የአጎቷ ልጅ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እናቷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባቷ ብቻ አልሳቀም። የነዳጁን ክዳን ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ፣ እንደገና ሲያጠብቅ ቆየ።

ስድብ እግር አለው። ከማደያው ተነስቶ ድንበር ተሻገረ፤ ዕረፍቱን ሙሉ አብሯት ከረመ፤ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ የአጎቷ ልጅ በቦርሳው ይዞት ክፍል ገባ። ዓመቱ ሲያልቅ የጂኦግራፊ አስተማሪው ራሱ ስሟን ሊጠራ «ኮም…» ብሎ ጀምሮ ሳል አስመሰለው።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። «አባዬ፣ ከድልድዩ በኋላ ወደ ቀኝ። ታፔላው ያውልህ» ብላዋለች። «አየሁት» ብሏታል። ታፔላው የቤት በር ያክል ነበር። አባቷ ግን ቀጥ ብሎ አለፈው፤ ከኋላ የሚከተለው የአጎቷ መኪናም አብሮት አለፈ፤ መኪና የሚያሻግረው ጀልባም ጥሏቸው ሄደ፤ ሁለት ቤተሰብ በመኪና ወንበር ላይ ተኮራምቶ አደረ። ማደያው ጋ ሲቆሙ፣ ከመውረዱ በፊት ክንዷን ያዝ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ‹እኔ ነኝ የተሳሳትኩት› በይ። ላንቺ ምንም አይደለም» አላት።

ላንቺ ምንም አይደለም!

ዛሬ ደግሞ ያው አጎት፣ ያው ብስኩት፣ በእነሱው ሳሎን። ጉዞው ነገ ጠዋት ነው። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ አንዱ ጥግ በሻይ ብርጭቆ፣ አንዱ በሪሞት፣ ሌላው በአጎቷ ስልክ ተይዟል፤ አራተኛው እየተጠቀለለ ያስቸግራል። ከድንበር ማዶ ሐይቅ ዳር ያለውን ቤት አያቷ ለሁለቱ ወንድማማቾች ነው የተወላቸው። ታች ሦስት ክፍል፣ ላይ አንድ ክፍል አለው። የላይኛው ሐይቁን ያያል፤ የሚይዘውም ቀድሞ የደረሰ ነው።

«ዘንድሮ በተራራው ነው» አለ አጎቷ በብስኩቱ እየጠቆመ። «ጀልባ የለ፣ ወረፋ የለ። ሁለት ቀን! በሜዳው ሦስት ቀን ነው። በኮምፓስ ከተመራን ደግሞ ሳምንት።»

«አባ፣ አታስቀኝ፤ ሻዩ በአፍንጫዬ ሊወጣ ነው» አለ ልጁ።

«ፋራ» አለችው።

«ሰሜን በየት ነው? ሰሜንን አሳዪንና ፋራ በዪኝ!»

የተራራውን መንገድ በካርታ ታውቀዋለች። ሰባት ዋሻ አለው፤ ጥምዙን አርባ ላይ ስትደርስ መቁጠር ትታለች። በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው ገደል። አባቷ ጎንበስ ብሎ ካርታውን አየ። ቀረብ አለ፤ ራቅ አለ። «ደህና መንገድ ነው» አለ። ጣቱ ያረፈው መንገዱ ላይ ሳይሆን ወንዙ ላይ ነበር። ከእሷ በቀር ማንም ልብ አላለም።

አባቷ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በሃያ ዓመት አንድ ጭረት የለበትም። ባለፈው ሳምንት ግን የጎረቤት አጥር ላይ የተሰጣ ካፖርትን «እንደምን ዋልክ?» ብሎ ሰላም አለ። ሰፈሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«እሷ ትምረጥ» አለ አባቷ ቀና ብሎ። «ታፔላ አንባቢዋ እሷ አይደለች? እኔ ሻንጣ ልጫን።»

«አይ ታናሼ!» አለ አጎቷ። «ነገር ሲመጣ መሸሽ ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቅበታለህ።»

ተከትላው ወጣች። ትንሹ ወንድሟ ከአሁኑ መኪናው ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ ገብቶ ቀበቶውን አስሯል። «ደረስን?» አላት።

«ገና አልተነሳንም፣ ጌታዬ።»

አባቷ ጣሪያው ላይ ሻንጣ እያሰረ ነበር። የገመዱን መንጠቆ በዓይኑ አልፈለገውም፤ በጣቶቹ እየዳበሰ አገኘው።

«የሜዳውን በይ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተራራ ያቅለሸልሸኛል በይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንደ አምናው ነዋ። ፊት ትቀመጪና ታፔላውን ትነግሪኛለሽ።»

«አምናም ነግሬህ አልፈኸዋል።»

«አምና ፀሐይ ወግታኝ ነው።»

«ዘንድሮ ፀሐይ አትወጣም?»

ገመዱን ጠበቅ አደረገው። ከሁለት ወር በፊት፣ የሚያውቃቸው ሰው በሌለበት ሰፈር፣ አብራው ሐኪም ቤት ገብታ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ለብሰዋል፤ ቀዶ ጥገናው ያጠራቸዋል፤ እስከዚያ ግን መሪ እንዳይነኩ፤ ሐኪሟ ያለችው ይህን ነው። ወረቀቱን «ያዢልኝ» አላት። የጂኦግራፊ መጽሐፏ ሽፋን ውስጥ ደበቀችው። በሳምንቱ የፋብሪካው የጤና ምርመራ ደረሰ። አባቷ የዓይን መመርመሪያውን የፊደል ሰሌዳ በስልኩ ፎቶ አንስቶ መጣና፣ እሷ አስጠኚ፣ እሱ ተማሪ ሆነው፣ እስከ ሰባተኛው መስመር በቃሉ ወጣው። ሲያልፍ ከረሜላ ገዛላት፤ ልክ የስድስት ዓመት ልጅ እንደሆነች። በላችው። እስካሁን ጉሮሮዋ ላይ ያለ ይመስላታል።

«ቀዶ ጥገናውን አድርገው እንጂ፣ አባዬ።»

«ካወቁብኝ መጋዘን ጠባቂ ነው የሚያደርጉኝ። ፋብሪካውስ ይሁን…» ወደ ሳሎኑ መስኮት አገጩን ቀሰረ። «ይሄን ሰውዬ አታውቂውም? ልጅ ሆኜ አንዴ ኳስ ስቼ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ‹እውሩ› ሲለኝ ኖሯል። አሁን እውነት መሆኑን ቢያውቅ እስክሞት አይለቀኝም።»

«እኔንስ?» አለች። «እኔን ዓመት ሙሉ ሲለኝ?»

«አንቺማ ልጅ ነሽ። ላንቺ…»

ፊቱን ወደ ሻንጣው መለሰ።

ተራራውን ብትል ገደል ነው። ሜዳውን ብትል ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ዓይን ሆኖ መቀመጥ፣ ያውም አምና ያልሠራ ዓይን። እውነቱን ብትናገር አባቷን ለአጎቷ ጥርስ መስጠት ነው። በየትኛውም በር ብትወጣ ተመልሳ የምትገባው እዚያው ክፍል ነው። ወንድሟ መስታወቱ ላይ ተንፍሶ በጣቱ መኪና ይስላል።

የፊተኛውን በር ከፈተች። ቦታ ለመያዝ ያስቀመጠችውን ቦርሳ አነሳችና ኋላ፣ ከወንድሟ አጠገብ አኖረችው። አባቷ ወደ እሷ ዞሮ ነበር። አይቷት ይሁን አይሁን አላወቀችም።

«ኮምፓስ!» ጮኸ አጎቷ ከውስጥ። «ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ! ፍርድሽን ስጪን!»

አባቷ ቀድሟት ገባ። እሷ ግን መጀመሪያ ወደ ክፍሏ ሄደች። የመጽሐፉን ሽፋን ላጥ ስታደርገው ማጣበቂያው ጮኸ። ወረቀቱ አራት ቦታ እንደታጠፈ ነው።

ሳሎን ስትደርስ ሁሉም ቆመዋል። አጎቷ እስክሪብቶ ይዞ፣ ካርታው ላይ ሊያሰምር ተዘጋጅቷል። የአጎቷ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጻት ነው። እናቷ ኩባያ እየሰበሰበች ቀና አለች።

«እሺ፣ ሜዳ ወይስ ተራራ?» አለ አጎቷ።

አላየችውም። ካርታውን አልፋ አባቷ ጋ ደረሰችና ወረቀቱን መዳፉ ላይ አስቀመጠችው። አልገለጠችውም።

«ይሄ ያንተ ነው» አለችው፤ በለሆሳስ፣ ለእሱ ብቻ።

አባቷ ወረቀቱን አላየውም። አውራ ጣቱን በእጥፋቱ ላይ አንዴ አስኬደ። በጣቱ አወቀው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ምንድን ነው እሱ? የፍቅር ደብዳቤ ነው?» አጎቷ ሳቀ። «ኧረ አንቺ ልጅ! በየት በኩል ነው? ሰው አቁመሽ…»

ፊቷን አዞረች።

«ኮምፓስ! አንቺን እኮ ነው!»

በሩ ክፍት ነበር። ከኋላዋ የአንድ ወንበር እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማች። እግሩ የሚንገዳገደው ወንበር ነው፤ የአባቷ። ተቀመጠ ማለት ነው። ወረቀት ሲገለጥ ሰማች፤ አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ። የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«ወንድሜ» አለ የአባቷ ድምፅ፣ «እስቲ እስክሪብቶውን አስቀምጠው።»

«ቆይ አንዴ፤ መጀመሪያ እሷ ትመልስ! ኮምፓስ!»

ዘወር አላለችም። እርምጃዋን አላፈጠነችም፣ አላዘገየችም። ባዶውን የፊት ወንበር ከሩቅ እያየች ሦስቱን ደረጃ ወረደች።