የአበባዋ ስዕል

ጠረጴዛው ላይ የተኛው አሮጌ ስልክ መብራቱ እንኳ አልበራም። ማንም አልነካውም። በውስጡ የነበሩት መልእክቶች ግን በምስጥ ላፕቶፕ ላይ ይዘረገፉ ጀመር።

«ሠራ» አለች ምስጥ።

ምስጥ ያሏት የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ልጆች ናቸው፤ የያዘችውን ሳትቦረቡር አትለቅማ። ሰው ሁሉ በስልኩ የጫነውን የመልእክት መላላኪያ ከጓደኛዋ ከፈጣኑ ጋር ሲፈትሹ ከርመዋል። እሱ ሆን ብሎ የተበላሹ ስዕሎች እየሠራ ይልካል፤ እሷ ፕሮግራሙ የቱ ጋ እንደሚሰናከል ትከታተላለች፤ መምህራቸው ያጣራል። ዛሬ ስዕሉ ሳይከፈት፣ ገና እንደደረሰ፣ ስልኩ የያዘውን ሁሉ አስረከበ።

ፈጣኑ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ምስጥ ግን እናቷን አሰበች። ነርስ ናት፤ ሕመምተኞቿ ምስጢራቸውን የሚጽፉላት በዚሁ መላላኪያ ነው።

«ከዚህ ስልክ ውጪ የትም አይሞከርም» አለ መምህሩ። «መጀመሪያ ማወቅ ያለባቸው የመላላኪያው ሠሪዎች ናቸው። እነሱ ቀዳዳውን እስኪደፍኑት አፋችሁን ዝጉ።»

የዚያኑ ዕለት ለሠሪዎቹ ጻፉ። በማግስቱ መልስ መጣ፤ አመስግነው አንድ ነገር ጠየቁ፦ ስዕሉ ወደ ሌላ ሰው ስልክ ተልኳል?

መምህሩ ሁለቱንም አያቸው።

«ኧረ በፍጹም፣ ቲቸር» አለ ፈጣኑ።

ከክፍል ወጥተው ደረጃውን ሲወርዱ ፈጣኑ ወሬው በዛ። «አሁን ታዋቂ ልንሆን ነው። አንቺማ እናትሽም ሆስፒታሉን ስትለቅ ቤት ታገኛታለሽ፣ ምን...»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ምስጥ ቆመች።

«እናቴ ሥራ ልትለቅ ነው እንዴ?»

ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለእኔ አልነገረችኝም። አንተ ከየት ሰማህ?»

ፈጣኑ የደረጃውን ብረት ያዘ። «ትናንት ማታ ላኩላት። ቁጥሯ ስልኬ ላይ ነበር፣ ያን ጊዜ ለቤት ሥራ በእሷ ስልክ ደውለሽልኝ... ለሙከራ ብቻ ነበር። አበባ ነገር፣ መልካም ቀን የሚል። መልእክቶቿ ላፕቶፔ ላይ ሲዘረገፉ፣ ሥራ ልትለቅ መሆኗን ሳላስበው አነበብኩ። ሁሉንም አጠፋዋለሁ፣ እሺ?»

ምስጥ እናቷን ታውቃታለች። አበባ! እናቷ የደረሳትን አበባ ሁሉ ለወዳጅ ዘመድ ካላዳረሰች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት።

«ላፕቶፕህን ክፈት።»

«ምስጤ...»

«ክፈተው።»

ደረጃው ላይ ተቀምጠው ከፈቱት። አበባው የደረሳቸው፣ የማያውቋቸው ሰዎች መልእክቶች አሁንም እየገቡ ነበር። «ዶክተር፣ ውጤቴን ለባለቤቴ እንዳይነግሩብኝ» የሚል አንዱ ሲያልፍ ምስጥ ዓይኗን ጨፈነች።

ፈጣኑ ኢንተርኔቱን አጠፋ። «እኔ ጋ መምጣቱ ቆመ። በቃ፣ ማንም አያውቅም። ከተናገርሽ ተባረርኩ ማለት ነው። ምናልባት እስር ቤት...»

«ስዕሉስ? ከስልክ ስልክ እየዞረ አይደል? ክፉ ሰው እጅ ቢገባስ?»

ፈጣኑ ላፕቶፑን ከደነ። እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም፤ እሷም ከእሱ አትሻልም ነበር። ስዕሉ የሚገባበትን ቀዳዳ ያገኘችው እሷ ናት። ሲጠየቁ እሷን ከእሱ ማን ይለያታል? እናቷስ ምን ትላለች?

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እማዬ፣ ትናንት የደረሰሽን አበባ ለማን ለማን ላክሽው?»

«ውይ፣ አየሽው? አያምርም?» ሳቀች እናቷ። «ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነዋ። ለአክስትሽም። ምነው፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ስልክሽን አትዝጊው፣ እማዬ። አንድ ሰው ላገናኝሽ ነው።»

ምስጥ ደረጃውን መልሳ ወጣች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የመምህሩን በር አንኳኳች።