ሰይዳ አልጃጀችም

ይህን ታሪክ የነገረኝ ሙሄዲን ራሱ ነው። ስሜን አትቀይር፣ የሠራሁትንም አታለሳልስ ብሎኛል። ዓለም ገና ላይ በጅማ መንገድ ዳር ሲሚንቶና ብረት የሚሸጥበትን ሱቅ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚያውቁት ሰዎች ታሪኩን ካነበቡ በኋላ እቤታቸው ያለውን ሰው ዞር ብለው እንዲያዩ ፈልጓል። እኔም እንዳለኝ ጻፍኩት።

እናቱ ሰይዳ ያኔ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባሏ ቀደም ብሎ ስለሞተ አንድ ልጇን ያሳደገችው በልብስ ስፌት ነው። ጨርቅ ይዛ የመጣችውን ደንበኛ ከራስ እስከ እግር ታያትና በጠመኔ ሁለት ሦስት መስመር ጭራ መቀሱን ታነሳለች። ለአንዷ የሠራችውን አንገት ለሌላዋ መድገም አትወድም። አዲስ ነገር ካልመጣላት ጨርቁን አጣጥፋ ታስቀምጥና ደንበኛዋን «ነገ ነይ፣ ላስብበት» ትላለች። ከሰበታ፣ ከተፍኪ፣ አንዳንዴም ከቡራዩ ድረስ ሙሽሮች የሚመጡላት ለዚህ ነበር።

አንድ የሐምሌ ጠዋት በረንዳው ላይ ያለው እርጥብ ደረጃ አዳለጣትና በጀርባዋ ወደቀች። ጭንቅላቷ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ግቢው ውስጥ የተከራዩት ሰዎች ሁሉ ድምፁን ሰምተው ወጡ። ሙሄዲን ሮጦ አነሳትና ፀጉሯን በጣቱ ፈተሸ።

«ደም የለም» አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንሽም።»

«ትንሽ አዞረኝ» አለች ሰይዳ።

ሚስቱ ጁማና ከኋላው ቆማ ነበር። «ሐኪም ቤት ብንወስዳትስ?»

«ደም ላልፈሰሰበት ነገር? ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቀን የራስ ምታት ክኒን ይዘን ልንመለስ?»

 ከሰዓት በኋላ ሰይዳ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የጀመረችውን ቀሚስ ጨረሰች። ነገሩም ተረሳ።

ወር ሳይሞላ ግን ሰይዳ መለወጥ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ራሴን ትላለች። ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥላታል። ሻይ ውስጥ ጨው ጨመረች። ጁማናን በሞተች እህቷ ስም ጠራቻት። ከዚያ አንድ ቀን ለደንበኛ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ስታነሳው ሦስት እጅጌ ነበረው። ሦስተኛው ከወገቡ ላይ ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል።

ጁማና መጥፎ ሰው አይደለችም። ክፉ ነገር ለመሥራት ግን መጥፎ ሰው መሆን አያስፈልግም። ሳቋ መጣባት፣ ስልኳን አወጣች፣ መቅረጽ ጀመረች።

«እማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቀሚስ ነው።»

«ሰው ስንት እጅ ነው ያለው?»

ሰይዳ ሁለት እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። አንዱን ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ ከዚያ ሦስተኛውን ፍለጋ ጭኗን ዳሰሰች። ጁማና ስትስቅ አይታ እሷም ሳቀች።

ጁማና ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። በሦስት ቀን ውስጥ ሰበታን አልፎ ሱሉልታ ደረሰ። የባጃጅ ሾፌሮች ሰይዳን መንገድ ላይ ሲያዩ «ባለ ሦስት እጅጌዋ» እያሉ ጡሩምባ ይነፉላት ጀመር። ሙሄዲን ቪዲዮውን ያየው ሱቁ ውስጥ፣ ከደንበኞቹ ጋር ነው። አብሯቸው ሳቀ። «እነሱ ስቀው እኔ ዝም ብል የሚያፍሩብኝ መስሎኝ ነው» ብሎኛል።

ጎረቤታቸው ኦቦ ባይሳም ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ሰይዳን አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርጅና ነው፣ ልጄ። እናቴም እንዲሁ ጃጅታ ነው የሞተችው። ይሄን ሐኪም አያድነውም።»

ለሙሄዲን ይህ ቃል እፎይታ ሆነለት። ሐኪም የማያድነው ከሆነ ሐኪም ቤት አለመውሰዱ ጥፋት አይሆንም። ጨርቅ እንዳታበላሽ ብሎ የስፌት መኪናዋን ጠቅልሎ አስቀመጠው። ደንበኞቿን መለሳቸው። አንድ ቀን ያለ ጫማ አስፋልቱ መሀል ቆማ ስለተገኘች ደግሞ ድሮ ብረት ይከመርበት በነበረው የጓሮ ክፍል ፍራሽ አነጠፈላትና በሩን ከውጭ ቆለፈው። ምግብ ይገባላታል። ከቤቱ ሰው የሚያናግራት ግን የለም። ምን ብለው ያናግሯታል? እንግዳ ሲመጣ ብቻ ጁማና በሩን ትከፍትና «እማ፣ እስቲ ሙሄዲን ማነው በያቸው» ትላታለች። ሰይዳ የልጇን ስም ስታጣ እንግዶቹ ይስቃሉ፤ የማይስቁትም ዝም ይላሉ።

በዚያ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ኤልሳቤት የምትባል ሴት ነበረች። ከሆሳዕና መጥታ እዚያው ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከሥራ ስትመለስ በጓሮው ክፍል መስኮት በኩል ቆማ ሰይዳን ሰላም ትላት ነበር። አንድ ቅዳሜ ሙሄዲንን ጠብቃ በር ላይ አገኘችው።

«ጋሽ ሙሄዲን፣ እማማ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ነው። በቀኝ እጃቸው ኩባያ መያዝ አልቻሉም። ሐኪም ይያቸው።»

«ጃጅታለች፣ ኤልሲ። ምን ያይላታል?»

«ሰው በአንድ ወር አይጃጅም። ከወደቁ በኋላ ነው የጀመራቸው።»

«አንቺ ፋብሪካ ነው የምትሠሪው ወይስ ሆስፒታል?»

ኤልሳቤት አልተቆጣችም። «ወንድሜ ገላን ላይ ግንባታ ይሠራ ነበር» አለችው። «ጣውላ ራሱ ላይ ወደቀበት። አልደማም። በእግሩ መጥቶ እራቱን በላ። ከሳምንት በኋላ ምላሱ ሲተሳሰር ጠጥተሃል ብለን ሳቅንበት። መጠጥ ቀምሶ አያውቅም፤ እኛ ግን ሳቅን። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ቀበርነው።»

ሙሄዲን ይህን ሲነግረኝ አይኑን ከመሬት አላነሳም። የዚያን ቀን የመለሰላትም ይህ ነው፦ «ቤቱ ካልተመቸሽ ሌላ መፈለግ ትችያለሽ።»

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። በአሥራ ሦስተኛው ጠዋት ጁማና ቁርስ ይዛ ስትገባ ሰይዳ አልነቃ አለች። አይኗ ግማሽ ተከፍቷል፣ ትተነፍሳለች፣ ጥሪ ግን አትሰማም። ሙሄዲን በሲሚንቶ መጫኛው መኪና አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረሳት። ጭንቅላቷን በሲቲ ስካን ካነሱት በኋላ አንዲት ሐኪም ጠራችው።

«መቼ ነው የወደቁት?»

«ሁለት ወር ሊሆነው ነው።»

«ከዚያ ወዲህ ለውጥ አላያችሁባቸውም?»

አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሟ ምስሉን አሳየችው። በወደቀች ጊዜ አንድ ቀጭን የደም ሥር ተበጥሶ፣ በራስ ቅሏና በአንጎሏ መካከል ደም ጠብ እያለ ሲጠራቀም ነበር። የተጠራቀመው ደም ነው አንጎሏን የተጫነው። ቃላት የጠፏት፣ ሦስት እጅጌ የሰፋችው፣ እግሯን የጎተተችው በዚህ ነው።

«እርጅና ነው ብለውን ነበር» አለ ሙሄዲን።

«ማን አላችሁ?»

«ጎረቤት ነው።»

«ሲጀምራቸው ብታመጧቸው ኖሮ ደሙ በትንሽ ቀዳዳ ፈሶ፣ በሳምንቱ እቤታቸው ይገቡ ነበር» አለችው። «አሁንም እናፈስሰዋለን። ግን ደሙ ለረጅም ጊዜ ስለተጫነው የሞተ የአንጎል ክፍል አለ። እሱን አንመልሰውም።»

ሰይዳ ከቀዶ ሕክምናው ተረፈች። በአምስተኛው ቀን አይኗ ጠራ። ሙሄዲንን በስሙ ጠርታ ውሃ ጠየቀችው። ነርሷ ቀኑን ስትጠይቃት ሐሙስ መሆኑን ነገረቻት። ቀኝ እጇ ግን እንደተጣጠፈ ደረቷ ላይ ቀረ፤ መቀስ ይቅርና ማንኪያ አይጨብጥም። ሙሄዲን ግራ እጇን ይዞ አለቀሰ። በልቡ የለመነው አንድ ነገር ነበር። እየፈራ ጠየቃት።

«እማ፣ ያለፈውን ሁለት ወር አታስታውሺውም አይደል?»

«የጠፋኝ ቃሉ ነው፤ ጆሮዬ ይሰማ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ባለ ሦስት እጅጌዋ ስትሉኝ ሰምቻለሁ። ጁማና ስትስቅ ደስ ያላት መስሎኝ እኔም አብሬያት እስቅ ነበር። ቁልፉ ከውጭ ሲዞር እሰማ ነበር። አንድ ቀን ራሴን ሲያመኝ ልጠራህ ፈለግኩ፤ ስምህ አልመጣልኝ አለ። በሩን መታሁት። አንተ ግቢ ውስጥ ነበርክ። ‹ዝም በያት፣ ሲደክማት ትተዋለች› ስትል ሰማሁህ።»

ሙሄዲን ከዚያ ክፍል እንዴት እንደወጣ አያስታውስም።

ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሟ ሁሉንም ሰብስባ መከረቻቸው። የደም ግፊቷ ይታይ፤ መድኃኒቷን አታቋርጥ። በየቀኑ ትራመድ። ሰው ያዋያት። ያላወቀችውን አዲስ ነገር ትሞክር፤ በግራ እጇም ቢሆን ትሥራ። «አንጎል የቀረው ክፍል ይማራል» አለቻቸው። «ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ያለውም ይሄድበታል። ለእሳቸው ብላችሁ ሥራ እንዳትከለክሏቸው።»

ሰይዳ ወደ ልጇ ቤት አልተመለሰችም። የዱሮ ደንበኛዋና ወዳጇ አዴ ገለቴ ከተፍኪ መጥተው ሆስፒታሉ ደጅ ቆመው ነበር። «ኮቱ፣ እኔ ጋ ነይ፣ ሰይዳ» አሏት። አብራቸው ሄደች።

እዚያ ጠመኔ በግራ እጇ ጨበጠች። በመጀመሪያው ወር የምታሰምረው መስመር የሕፃን ጭረት ይመስል ነበር። እየተናደደች ትደመስሰዋለች፣ ደግማ ታሰምረዋለች። በአራተኛው ወር የአዴ ገለቴ ልጅ መቀሱን እየያዘችላት የመጀመሪያውን ቀሚስ ቆረጡ። እጇ አልታዘዝ ስላላት የአንገቱ መስመር ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ሰይዳ አስባ አስባ አላቃናችውም፤ ሌላውንም ጎን ከእሱ ጋር አስማማችው። ዛሬ ተፍኪ ውስጥ ያንን አንገት የምታሰፋ ሴት ብዙ ናት። ቢሆንም ሰይዳ በዱሮው እጇ ትሠራው የነበረውን ግማሹን እንኳ ዳግም አትሠራውም።

ጁማና ቪዲዮውን አጥፍታዋለች። የሌሎች ሰዎች ስልክ ላይ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሙሄዲን ኤልሳቤትን ይቅርታ ጠይቋታል። ባለፈው ወር ሲሚንቶ የሚያወርድለት አንድ ሠራተኛ ብረት ራሱን መታውና «ደህና ነኝ፣ አልደማሁም» አለው። ሙሄዲን ሱቁን ዘጋና ራሱ ነድቶ ሐኪም ቤት ወሰደው። ሠራተኛው ምንም አልነበረበትም። ሲመለሱ መንገድ ላይ ሳቀበት።

በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ተፍኪ ይሄዳል። መጀመሪያ የሄደ ቀን በሩን ሲያንኳኳ እናቱ ከውስጥ «ይግቡ» አለችው። ሲገባም «ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለች። ሕመሙ የተመለሰባት መሰለው።

«እማ፣ አላወቅሽኝም?»

«አወቅኩዎት። ሙሄዲን ነዎት፤ እኔ የወለድኩዎት።»

«ታዲያ ለምንድነው አንቱ የምትይኝ?»

«አንተ የሚባለው የቅርብ ሰው ነው» አለችና ውሃውን በግራ እጇ ቀድታ ሰጠችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ ብላው አታውቅም። እሱም መሄዱን አልተወም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በቤታችሁ ያለ ሰው ትናንት የሚያውቀው ነገር ዛሬ ከጠፋው፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ እግሩን ከጎተተ፣ በተለይ ወድቆ ወይም ራሱን ተመትቶ ከሆነ፣ ጃጀ አትበሉት። ሳትስቁበት ሐኪም ቤት ውሰዱት። የሚላችሁ ቃል ቢጠፋው እንኳ የምትሉትን ሁሉ ይሰማል።